ስለ ባንክ አክሲዮንና ስለ ባልንጀራ

ከቅዳሴ በኋላ በጉለሌ ሁለት ምእመናን ስለ ባንክ አክሲዮን ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ «በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች በተወረሱ ጊዜ የአባቶቻችን አክሲዮን ምን ሆነ? በ2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በሩ ተከፈተ፤ ሰላሙም እንደምታየው ነው፤ እኔስ ልሽጥ» አለ። ሁለተኛውም መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ ጠቀሰለት።

ጥቅሱ ጥያቄውን አይፈታውም። ፈርቶ መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ያለ ገዢ ሽያጭ የለም፤ ገዢውም ባልንጀራ ነው። ሁሉ የሚያውቀውን ሥጋት ገዢውም መዝኖ ይገባበታል፤ ሻጩ ብቻ የሚያውቀውን ጉድለት ሸሽጎ የሸጠ ግን ፍርሃቱን በወንድሙ ጫንቃ ላይ አኖረ።

«ለማን ልትሸጥ አሰብህ?» አልሁት።

«ለአንዲት ጎረቤቴ፤ መበለት ናት።»

«ምን ብለሃት?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ።