ስለ እውነተኛ መመለስ



ክርስቲያን ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ወላጆቹ ያወጡለት የቤት ስሙ ነው። ሁለተኛው ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ከካህኑ የሚቀበሉት የክርስትና ስም ነው። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪ ሁሉ ሰምን ከወርቅ መለየት ይማራል። የክርስትና ስምም እንደ ሰም ነው፤ ወርቁ ኑሮ ነው። ሰሙ ብቻ ተሰምቶ ወርቁ ሲታጣ ቅኔው ባዶ እንደሚሆን፣ ስሙ ተጠርቶ ኑሮው ካልተገኘም ማተቡ በአንገት ላይ የታሰረ ክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስንል የጥምቀት ጸጋ ያንሳል ማለታችን አይደለም። ዘሩ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን የተዘራው ዘር አራሹን ይፈልጋል።

የማንኩሳን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከተባለው መጽሐፍ ነው። በዚያ ልብ ወለድ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ዕድሜውን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ወላጅ ልጁን ሊሳል ይችላል፤ የልጁን ልብ ግን ሊሳልለት አይችልም። በሕፃንነታችን ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ስለ እኛ ሆነው ሰይጣንን ክደዋል፤ በእግዚአብሔርም ታምነዋል። ለአካለ መጠን ከደረስን በኋላ ግን ያንን ቃል በገዛ አፋችንና በገዛ እጃችን መፈጸም የእኛ ፋንታ ነው። መመለስ የምንለውም ይኸው ነው።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በግእዝ «ነስሐ» ማለት ተጸጸተ፣ አዘነ ማለት ነው፤ «ተመይጠ» ማለት ደግሞ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ይሁዳ ጌታን ከሸጠ በኋላ ተጸጽቶ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ጌታው አልተመለሰም። ጴጥሮስም ከካደ በኋላ አለቀሰ፤ እርሱ ግን ተመለሰ፤ በጎችን ጠብቅ የሚለውንም አደራ ተቀበለ። ስለዚህ እንባ የመንገዱ መጀመሪያ ነው እንጂ መድረሻው አይደለም።

የዚህ ነገር ምሳሌ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ማንኩሳ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉበት አገር ዳሞት ይባላል። የጥንቱ ዳሞት ግን ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረ ኃይለኛ መንግሥት ነው፤ ስሙ ወደዚህ የመጣው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ሕዝቡ ዓባይን እየተሻገረ በጎጃም ምድር በሰፈረ ጊዜ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የዚያ የጥንቱ ዳሞት ገዢ ሞተለሚ ነበረ። ገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደሚተርክልን፣ ሞተለሚ ሸዋን ወግቶ የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰደ። ሚስት ሊያደርጋት ሲያስብ ቅዱስ ሚካኤል ከእጁ አውጥቶ ወደ ባሏ መለሳት። ከዚያም በኋላ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርስዋ ተወለዱ። ጻድቁ አድገው ወንጌልን ለመስበክ ዳሞት በገቡ ጊዜ ይኸው ሞተለሚ ይዞ ከገደል አስወረወራቸው፤ መልአኩም አዳናቸው። በመጨረሻ ግን ንጉሡ አምኖ በእጃቸው ተጠመቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በአገራችን ልጅ ገና በእናቱ ጉልበት ላይ ሳለ የማን ደመኛ እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ ሲያድግም የአባቱን ደም ካልመለሰ ወንድ አይደለም ይባላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የእናታቸውን ማራኪ አገር ያውቁ ነበር፤ ወደዚያም ሄዱ። የሄዱት ግን መስቀል ይዘው ነው እንጂ ጦር ይዘው አይደለም። ሞተለሚም የማረካትን ሴት ልጅ አባቴ ብሎ ከፊቱ ተንበረከከ። ንጉሡ የተመለሰው አስቀድሞ ከበቀል መንገድ የራቀ አንድ ሰው ስላገኘ ነው። ቂም የያዘ ሰባኪ ማንንም ሊመልስ አይችልም።

በየወሩ በ24 ቀን ጻድቁን እናስባለን። በሰኔ 24 ቀን ደግሞ የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው የወንበዴዎች አለቃ፣ ደም ያፈሰሰ፣ መንገደኛውን ሁሉ ያስፈራ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ ግብፅ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ በአባ ኤስድሮስ እጅ ትምህርት ተቀበለ። ጠባዩ በአንድ ቀን አልለዘበም፤ ከቀደመ ልማዱ ጋራ ብዙ ዘመን ታገለ። ሌሊት እየተነሣ ለሽማግሌዎቹ መነኮሳት ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ሲዘርፍ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያነጋ የነበረው ጉልበት ለደካሞች ውኃ መሸከሚያ ሆነ። እግዚአብሔር ጉልበቱን አላጠፋበትም፤ ሥራውን ለወጠለት። አረመኔዎች ገዳሙን በወረሩ ጊዜም፣ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ የተናገረውን የጌታን ቃል አስቦ ከወንድሞቹ ጋራ ሞትን በጸጥታ ተቀበለ። ብዙ ደም ያፈሰሰው ሰው ስለ ራሱ አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም።

ሆኖም የተመለሰ ሁሉ ገዳም ይገባል ማለት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል በጋዛ መንገድ ከተጠመቀ በኋላ ደስ እያለው ጉዞውን ቀጠለ እንጂ ሹመቱን እንዲተው አልታዘዘም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 4፣ ይሰርቅ የነበረ ከእንግዲህ እንዳይሰርቅ፣ ይልቁንም በእጁ እንዲሠራና ለተቸገረ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ መስረቅን መተው ግማሽ መንገድ ነው። መንገዱ የሚፈጸመው ትናንት ይወስድ የነበረ እጅ ዛሬ ሲሰጥ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ የተቀበለ ዕለት በደስታ ብቻ አልተወሰነም፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ ያታለለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ።

ይህ ትምህርት ለምንኖርበት አገር ምን ይለናል? የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ሰው ሁዳዴን ሁሉ ቢጾም፣ ድንበሩ እስኪመለስ ጾሙ ከሳሹ ነው። በበርበሬው ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ለገበያ የሚያቀርብ፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ ለችግረኛ በአራጣ የሚያበድር ሰው ለታቦት ጃንጥላ ቢያገባ፣ የጃንጥላው ጥላ ኃጢአቱን አይሸፍንለትም። ደም ያለበትም ሰው ሽማግሌ ልኮ ደሙን ያድርቅ፤ የሟች ወገንም ሽማግሌውን አያሳፍር። መባውን ይዞ የመጣ ሰው አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ ያዘዘ ጌታ ራሱ ነውና።

የንስሐ አባት የሆን ካህናትም የከበደ አደራ አለብን። ቀኖና ስንሰጥ ጾምና ስግደት ቈጥረን ብቻ አናሰናብት፤ የወሰድኸውን መለስህን? የበደልኸውን ታረቅኸውን? ብለን እንጠይቅ። ባለጠጋ ቢከፋብን፣ ደመኛም ቢቈጣ፣ ነፍሱን ዝም ብለን ከምናጠፋት ለጊዜው ቢያዝንብን ይሻላል። ተነሳሒው ሲፈጽምም ወደ ሥጋ ወደሙ እናቅርበው፤ ያለፈውንም አናንሣበት። እግዚአብሔር የደመሰሰውን መዝገብ እኛ እንደ ገና ልንጽፈው አይገባም።

ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ የሚደርስበት ከተማ ስሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ካህኑ ዘካርያስ ጌታ የሚመጣው እግሮቻችንን ወደዚያ መንገድ ሊያቀና እንደ ሆነ ተንብዮአል። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ የሚሄድ መንገደኛ ምን ቢፈጥን ይርቃል እንጂ አይደርስም፤ ፊቱን ያዞረ ግን ቀስ ብሎም ቢሆን ይደርሳል። እንግዲህ ዛሬ ፊታችንን እናዙር፤ እጃችንም ፊታችንን ይከተል።

የሞተለሚን ልብ የመለሰ፣ ሙሴ ጸሊምን ከወንበዴነት ወደ አባትነት ያሸጋገረ አምላክ እኛንም ይመልሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።