የበር መዝገብና የሰው ገመና

ብዙ ሕዝብ የሚሠራበት ቤት ጠባቂ ያስፈልገዋል። ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ፣ የሕዝብ ሰነድና የብዙ ሰው ሕይወት በአንድ ጣራ ሥር የሚገኝበት ስለሆነ፣ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ማን ነህ? ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ተገቢ ነው እንጂ ነውር አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ለእናንተ ለወጣቶች ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ዘበኛው ጠይቆን፣ እኛም መልሰን ከገባን በኋላ፣ መልሳችን የት ይቀመጣል? ማንስ ያነበዋል? ለምንስ ጉዳይ?

ድሮ ይህ ጥያቄ እምብዛም አያስጨንቅም ነበር። ዘበኛው ፊታችንን አይቶ ያሳልፈናል፤ በሳምንቱ «እገሌ ሰኞ በስንት ሰዓት ገባ?» ተብሎ ቢጠየቅ አያስታውሰውም። የዘበኛው መርሳት እኛ ሳናውቀው መጠለያችን ነበር። አሁን ግን በብዙ አገር ሠራተኛው ባጅ የሚሉትን የመታወቂያ ካርድ በአንገቱ ያንጠለጥላል። ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው መሣሪያ ጋር ሲያስነካው በሩ ይከፈታል፤ በዚያችው ቅጽበት የካርዱ ቁጥር፣ የበሩ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ደቂቃው በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ይህኛው ዘበኛ አይደክምም፤ አያንቀላፋም፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አይረሳም።

ነገሩን በእውነተኛ ምሳሌ ለማየት ወደ አሜሪካ መሻገር ይገባናል፤ ይህ ሥርዓት እዚያ በሰፊው ተደንግጎ፣ ክርክርም ተነሥቶበት ይገኛልና። የእኛም ሰዎች ከነገሩ ሩቅ አይደሉም። በዋሽንግተንና በአጠገቧ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ በመንግሥት ሕንጻዎች በጽሕፈት፣ በሒሳብ፣ በጥበቃና በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። የእኔም ልጅ ከእነርሱ አንዷ ናት። የአሜሪካውን ጉዳይ ስናገር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኦገስት 27 ቀን 2004 አንድ ትእዛዝ አወጡ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ካርድ በራሱ ሥርዓት ይሰጥ ነበር። ትእዛዙ ግን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችና በኮንትራት የሚሠሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ደንብ የተሠራ መታወቂያ እንዲይዙ አደረገ። በካርዱ ላይ ፎቶግራፍ አለ፤ በውስጡም የባለቤቱን የሁለት ጣት አሻራ የያዘ ቺፕ ተቀምጧል። ትእዛዙ ራሱ አራት ዓላማዎችን ይጠቅሳል፦ ጥበቃን ማጠንከር፣ የመንግሥትን ሥራ ማቀላጠፍ፣ በሰው ስም የሚደረገውን ማጭበርበር መቀነስና የግል ሕይወትን መጠበቅ። አራተኛውን ልብ በሉልኝ። ያዘዙት ሰዎች ራሳቸው ካርዱ ገመናን ሊነካ እንደሚችል ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና አጠገብ በሚገኘው የጠፈር ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠሩ 28 ሰዎች በ2007 ተቃውሞ አነሡ። ካርዱን ለማግኘት ስለ አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምና ስለ ሕክምናው ይጠየቁ ነበር፤ ለሚያውቋቸው ሰዎችም መጠይቅ እየተላከ ስለ ጠባያቸው ይመረመር ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በጃንዋሪ 2011 ተረቱ። ዳኞቹ፣ መንግሥት እንደ ማንኛውም ቀጣሪ ሠራተኛውን መመርመር ይችላል፣ የተሰበሰበውም ነገር እንዳይወጣ የ1974ቱ የግል ሕይወት ሕግ ይጠብቀዋል አሉ። በ2012 ግን የዚያው የጠፈር መሥሪያ ቤት የሆነ፣ የብዙ ሠራተኞች የግል ነገር በግልጽ ተጽፎ የሚገኝበት አንድ ላፕቶፕ ከመኪና ውስጥ ተሰረቀ። በ2015 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ ከሚይዘው መሥሪያ ቤት የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የምርመራ መዝገብ፣ ከዚያም ውስጥ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ መዘረፉ ታወቀ። የቤት ቁልፍ ቢሰረቅ ቁልፍ ይለወጣል፤ ጣት ግን በምን ይለወጣል?

ይሁን እንጂ ስርቆት ቀላሉ ጥያቄ ነው። ሌባ ሌባ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና የሚያከራክር ነገር የለውም። ከባዱ ጥያቄ መዝገቡን በሕግ የያዘው ሰው፣ ቁልፉ በእጁ ያለው፣ ሐሳቡም ቀና የሆነው ሰው ምን ያድርግበት የሚለው ነው።

በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ለአዲስ ፈጠራ የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ትልቅ መሥሪያ ቤት አለ። በዚያ ከሚሠሩት መርማሪዎች ስለ አንዱ፣ ሥራ ሳይገባ ደመወዝ ይቀበላል የሚል ስም የሌለው ጥቆማ ከባልደረቦቹ ዘንድ መጣ። ተቆጣጣሪዎች የበሩን መዝገብና የኮምፒዩተሩን ዱካ ቢመለከቱ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ሰዓት ሳይሠራ ሠራሁ ብሎ እንደ ተከፈለው በ2015 ገለጡ። በዚህ እኔ ቅሬታ የለኝም። ጥርጣሬው አስቀድሞ ነበረ፤ ሰውየውም የታወቀ ነበረ፤ መዝገቡ የተጠራው እንደ ምስክር ነው። የሕዝብን ገንዘብ የሚበላ ሰው ገመናን እንደ ጋሻ አንሥቶ እንዲያመልጥ አልመኝም።

በሚከተለው ዓመት ግን እነዚሁ ተቆጣጣሪዎች የብዙ ሺህ መርማሪዎችን የበርና የኮምፒዩተር መዝገብ የ15 ወር ያህል ሰብስበው መረመሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ288 ሺህ ሰዓት በላይ ማስረጃ አላገኘንለትም፤ ይህም ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ሲሉ በ2016 ጻፉ። ገንዘቡ ትንሽ አይደለም፤ ተቆጣጣሪም ለመቆጣጠር ነው የተሾመው። እኔን ያሳሰበኝ ከሰጡት ምክር አንዱ ነው። ሠራተኞች በሥራ ቀን ሲገቡ ብቻ ሳይሆን ሲወጡም ካርዳቸውን እያስነኩ እንዲወጡ ይደረግ ብለው መከሩ። እስቲ አስቡት። ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ የሚገባውን ሰው ማንነት ይጠይቃል፤ የሚወጣው ሠራተኛ የሚወጣበትን ደቂቃ ግን ምን ያደርግለታል? እዚህ ላይ በሩ ሥራውን ለውጧል። ቤቱን የሚጠብቅ የነበረው ሰውን ወደ መጠበቅ ዞሯል።

ሰዓት ይቆጠር ከተባለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰዓታችሁን በዚህ በር እንቆጥራለን» ብሎ በግልጽ መናገር ይቻላል። ያ ከባድ ቢሆንም ሐቀኛ ነገር ነው። ለጥበቃ ብሎ መሰብሰብና ለሌላ ጉዳይ ማንበብ ግን በአገራችን ቋንቋ ስም አለው፤ አደራ መብላት ይባላል። ጎረቤትህ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አንድ ኩንታል ጤፍ አደራ ቢያስቀምጥብህና፣ አንተ የተራበ ሰው አይተህ ከዚያ ጤፍ ሰፍረህ ብትሰጥ፣ ምጽዋቱ መልካም ነው፤ ጤፉ ግን የአንተ አልነበረም። የሥራህ መልካምነት ኩንታሉን የአንተ አያደርገውም።

በዚህ ላይ ዘወትር የሚቀርብ መልስ አለ። «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። እኔ ለብዙ ዓመታት መምህር ስለነበርኩ ይህን አነጋገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንደኛው ከላቦራቶሪ ሁለት ማይክሮስኮፕ ጠፋና በበሩ ላይ ደብተር ተቀመጠ፤ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን እንዲጽፍ ታዘዘ። ሁላችንም በደስታ ጻፍን። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳይሬክተሩ ደብተሩን ማታ ማታ ያነብ ጀመር። አንዲት መምህርት በየረቡዑ በአምስት ሰዓት ወጥታ በስምንት ሰዓት እንደምትመለስ አየ። ክፍለ ጊዜዋን አንድም ቀን አላጎደለችም፤ የምትወጣው በባዶ ሰዓቷ ነበር። እርሱ ግን በመምህራን ስብሰባ መካከል «ወዴት ነው የምትሄጂው?» አላት። ሠላሳ ያህል ሰው ባለበት የሕመሟን ስም ለመናገር ተገደደች። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ማይክሮስኮፖቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

እንግዲህ ይህች ሴት ንጹሕ ነበረች። ንጽሕናዋ ምን ጠቀማት? ገመና ማለት እኮ ኃጢአት ማለት አይደለም። ሰው ልብስ የሚለብሰው ገላው ወንጀል ስለሆነ አይደለም። መዝገቡ ደግሞ እግር የሄደበትን ያውቃል እንጂ ልብ የሄደበትን አያውቅም። አንድ ሠራተኛ ወደ ሐኪም ክፍል፣ ወደ ሠራተኞች ማኅበር ቢሮ፣ ወይም ስለ ጉቦ ለመጠቆም ወደ ተቆጣጣሪው ክፍል ቢገባ፣ በሩ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቀለም ይጽፋቸዋል። ሌባውን የሚያጋልጠው ያው መዝገብ ስለ ሌባው የተናገረውንም ያጋልጣል። ለዚያውም ምስክርነቱ ሙሉ አይደለም። ካርዱን ያዝ እንጂ ሰውየውን አላየም። ባልደረባው በሩን ይዞለት ተከትሎ የገባ ሰው በመዝገቡ ዘንድ ቀኑን ሙሉ አልመጣም።

ስለዚህ እኔ የምይዘው መንገድ ይህ ነው። መዝገቡ ተጠርጣሪን ለመፈለግ አይገለጥ፤ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ በአንድ ሰው ላይ አስቀድሞ ሲነሣ ብቻ ይጠየቅ። የሚከፍተው ሰው ለምን እንደ ከፈተው በጽሑፍ ያኑር፤ የተነበበበትም ሰው ይነገረውና መልስ ይስጥ። ይህ ሥራን ያጓትታል የሚል ሰው ይኖራል፤ ያጓትታል። አንዳንድ አታላይም ሳይያዝ ይቀራል። እኔ ይህን ኪሣራ አይቼ እቀበለዋለሁ፤ ሺህ ሐቀኛ ሠራተኞች በየበሩ እንደ ተጠርጣሪ ሲያልፉ የሚጠፋው መተማመን በዶላር አይቆጠርም፤ በተቆጣጣሪ ሪፖርትም አይገኝም።

በእኛም አገር ነገሩ ባዶ ሜዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዛል። እናንተ ወጣቶች ዛሬ ካርድ ለማንጠልጠል ተሰልፋችኋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከእናንተ አንዳንዱ የመዝገቡን ቁልፍ ይረከባል። እኔ ይህን የምጽፈው ይልቁንም ለዚያ ሰው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ እርሱም የመዝገቡ ዕድሜ ነው። አሜሪካኖች የእንግዶች መዝገብ እጅግ ጥብቅ በሆነ ሕንጻ 5 ዓመት፣ በሌላው 2 ዓመት ሲሞላው እንዲጠፋ ወስነዋል። እኔ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ስንወጣና ስንገባ ስማችንን የምንጽፍበት ደብተር ነበር፤ ኃላፊዋ በየዓመቱ መጨረሻ ከወጥ ቤቱ ምድጃ ውስጥ እኛው እያየን ታቃጥለው ነበር። ያን ጊዜ ወረቀት የማባከን ጠባይ ይመስለን ነበር። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ብዘረጋው የአንድ መሥሪያ ቤት የበር መዝገብ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። የሃያ ሁለት ሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የገቡበት ሰዓት፣ ማንን ሊያነጋግሩ እንደ መጡም በየረድፉ ተጽፏል። ቆሎውን የሸጠችልኝን ልጅ ሌላም እንዳላት ብጠይቃት፣ ከመቀመጫዋ ሥር ያለውን ክምር አሳየችኝ። በኪሎ ነው የገዛችው። እኔም ክምሩን በሙሉ ከእርሷ ገዝቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።