ጥፋቱ ከቅጂው ነው ከጭሱ?

ለመሆኑ የሌላውን ሥዕል አይቶ መሣል ሌብነት ነው? ጣና ዳር የዘጌን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች በፍየል ቆዳ ላይ እየገለበጡ ለቱሪስት የሚሸጡ ልጆች አሉ። ባለፈው ክረምት እኔም ከአንዱ ጋር ሠርቻለሁ። ሥራዬ ግን መሣል አልነበረም፤ ያለቀውን ሥዕል አሮጌ እንዲመስል በጭስ ማጠየም ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «መገልበጡ ራሱ ነውር ነው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። የጥንቱም ሠዓሊ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ሲሥል ከቀደመው አይቶ ነው። የጃፓናዊው ሂሮሺጌ የዝናብና የድልድይ ሥዕል በእንጨት ተቀርጾ በብዙ ቅጂ የታተመ ነው፤ ቫን ጎህም በፈረንጆች 1887 ያንኑ በዘይት ቀለም ገለበጠው። ከጃፓን መውሰዱን ግን አልደበቀም።

እንግዲህ ጥፋቱ ከጭሱ ነው። ጭሱ ሁለት ሰው ይበድላል፦ ገዢውን ያታልላል፤ ሠዓሊውንም ይሠርዘዋል፤ የገዛ እጁ ሥራ የሙት ሥራ ተብሎ ይሸጣልና። «ፈረንጅ ምን ያውቃል?» እል ነበር። አንዲት ሴትዮ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን አፌ ተሳሰረ፤ ልጁም አቀረቀረ። ዋጋውን ተቀበልን። በድርሻዬ ደብተር ገዛሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት በሱ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?