ለተሰወረ አገልጋይ መታሰቢያ

በቤተ ክርስቲያን ያለ ደመወዝ ሲያገለግል የኖረ ምእመን መታሰቢያ ከሌላው ሟች መታሰቢያ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የሚታሰበው ሥራ ከመጀመሪያውም እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ነው። ካህኑና መሪጌታው በአገልግሎታቸው ይታያሉ፣ ይሰማሉ። ለጧፍ የሚሆነውን ጥጥ የፈተለች፣ የመገበሪያውን ስንዴ የለቀመች፣ በዋዜማው ቅጽሩን የጠረገች እናት ግን ሥራዋ በሚገባ የተሠራ ዕለት ልብ አይባልም። ጧፉ እስኪነጋ ከበራ ስለ ፈታይዋ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ያልበራ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለች ሰው ከሞተች በኋላ የሚታሰበው ምኗ ነው? ሥራዋ ነው ወይስ እርሷ ራሷ?

ጥያቄው በልደት ሰሞን ይበረታል። በአዘቦት ቀን ጉድለት ይሸፈናል። በዓል ግን በየዓመቱ ያንኑ ሥራ በዚያው ሰዓት ይጠይቃል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ዝግጅቱ ይጀመራል፤ ማኅሌቱ ሲቆም፣ ቅዳሴው ሲከተል፣ ጾሙ ሲፈታ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ሠራተኛ አለው። ሟቿ ትሠራው የነበረው ተራው ሲደርስ መሞቷ እንደ አዲስ ይታወቃል። በላሊበላ የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን አብረው ይከበራሉ፤ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ይዘመራል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምእመን የአገሬው ሰው እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድራል። ንጉሡ ገድል ተጽፎለታል። እግር ሲያጥቡ የኖሩት በመዝገብ የሉም፤ ያለ እነርሱ ግን መንገደኛው በዓሉን በወጉ ባላከበረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር እንዲሆን ታዝዟል፤ እንግዲያስ የተሰወረውን አውጥቶ ማወደስ፣ አገልጋይዋ ስትሸሸው የኖረችውን ውዳሴ ከንቱ ከሞተች በኋላ መጫን አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በቀብር ላይ የሚነበብ ረጅም የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሟችን ጠባይ ይጋፋል። ነገር ግን ትእዛዙ የተሰጠው ለሚሰጠው እንጂ ለተቀበለው አይደለም። ሰጪው ይሰውር መባሉ ተቀባዩ ይርሳ ማለት አይሆንም። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 26 በጌታ ራስ ላይ ሽቱ ያፈሰሰችው ሴት ሥራዋ ለመታሰቢያዋ እንዲነገርላት ተደርጓል፤ ስሟ ግን በማቴዎስም በማርቆስም አልተጻፈም። በሉቃስ ምዕራፍ 2 መንጋቸውን ሲጠብቁ ያደሩት እረኞችም በየልደቱ ይታሰባሉ፤ የማናቸውም ስም በወንጌሉ የለም።

ከዚህ ተነሥቶ ሥራው ብቻ ይበቃል ማለት ግን ስሕተት ነው። ሥራ ይተላለፋል፤ ሌላ እጅ ጥጡን ይፈትላል፣ ስንዴውን ይለቅማል። መታሰቢያ የሥራው መቀጠል ብቻ ቢሆን ኖሮ ተተኪ በተገኘ ማግስት ባበቃ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ይህን ያሳያል። ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩ አለቀሱ። ልብሱ በእጃቸው አለ፤ ሌላም ሰፊ አይጠፋም፤ ያለቀሱት ግን ለእርሷ ነው። ልብሱ ምስክሯ እንጂ ምትኳ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሁለቱንም ይይዛል። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ጸሎቱ የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። ይህ ስም ብዙውን ጊዜ ጎረቤት የሚጠራበት ስላልሆነና ብዙ ሰው ስለሚጋራው፣ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ስለ ማን እንደሚጸለይ ላያውቅ ይችላል። ስሙ ተጠርቷል፤ ምስጢሩም አልፈረሰም። የተሰወረን አገልጋይ ሳያጋልጡ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

ሥራው ደግሞ በጽዋ ማኅበር በኩል ይወረሳል። እናት ስትሞት ልጅ ተራዋን ተረክቦ ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ከማኅበርተኞቹም አንዳንዶቹ ተራውን በእናቱ ስም መጥራታቸውን አይተዉም። የሚያውቋት ሲያልቁ ተራው የልጁ ብቻ ይባላል፤ የክርስትና ስሟ ግን ቤተሰቡ እስካስጠራው ድረስ በጸሎቱ ይቆያል።