የልጅ ጥርስ፣ የወላጅ ውሳኔ
የልጅ ጥርስ እንዲቃና የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ብረቱን በአፉ የሚሸከመው ግን ልጁ። የአሜሪካ የጥርስ አቃኚ ሐኪሞች ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ይመክራል፤ እንዲመረመሩ እንጂ ሁሉም እንዲታከሙ አይደለም። የላይኛው መንጋጋ ጠቦ ንክሻው ሲዛባ መዘግየት ያስከፍላል፤ የላንቃው አጥንት መጋጠሚያ ከጉርምስና በኋላ ስለሚጠነክር ማስፋቱ ይከብዳል። እዚህ ላይ ወላጁ የሚወስነው ልጁ አድጎ በቀላሉ ሊመርጠው የማይችለውን ነው። ወደ ፊት የወጡ ጥርሶችን ቀድሞ ማከም በአደጋ የሚመጣ ስብራትን ይቀንሳል፤ ከዚያ በቀር ውጤቱ በጉርምስና ከሚጀመረው ሕክምና እምብዛም አይለይም። ሕክምናው ለመልክ ብቻ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ከሐኪም እጅ ይወጣል። ፍንጭት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ውበት ነው፤ በሌሎች ዘንድ ጉድለት ተብሎ ይዘጋል። የልጆች የፊት ጥርስ ክፍተትማ ክራንቻው ሲበቅል ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠባል። ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ መጠበቅ እዚህ የሚያሳጣው ጥቂት ነው።