ተመላሽ እንግዳ

ሰው ወደ ተወለደበት ቀዬ ቢመለስ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናት አባት አሉ፤ የዘመድ መቃብር አለ፤ የልጅነት አፈር አለ። ግራ የሚያጋባው ሌላው ዓይነት መመለስ ነው። ዘመድ በሌለን፣ ሥራ ባልጠራን፣ የምንሸጠውም የምንገዛውም በሌለበት ከተማ አንድ ጊዜ አድረን፣ ከዓመታት በኋላ ደግመን ልናድር ስንነሣ ምን ፍለጋ ነው የምንሄደው? ያንን ቦታ ምን ብለን የመጠየቅ መብት አለን? ቦታውስ እኛን ምን ሊጠይቀን ይችላል? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሽርሽር ወሬ ይመስላል። ጥቂት ገፋ አድርገው ሲመረምሩት ግን ከሌላው ሰው ጋር ስላለን ግንኙነት የሚጠይቅ የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

በአገራችን ጉዞ ምክንያት አለው። ሰው ለለቅሶ ይሄዳል፤ ለሠርግ ይሄዳል፤ ለንግድ፣ ለክስ፣ ለጸበል፣ ለንግሥ ይሄዳል። የጥንቱ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ይላል። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥባል፤ ካለው ያካፍላል። እንግዳው የእግዜር ነውና ሒሳብ አይጠየቅም። ሆቴል ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተለወጠ። ሆቴል ውስጥ የሚያድር ሰው የእግዜር እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የገዛ ኪሱ እንግዳ ይሆናል። ይህም የራሱ በጎነት አለው፤ ከፍሎ ያደረ ሰው አንገቱን አይሰብርም፤ የማንም ውለታ የለበትም። ይሁንና ውለታ ከሌለ ናፍቆቱ ከየት ይመጣል? ሒሳቡን ጨርሶ የወጣ ሰው ከዓመታት በኋላ ወደዚያው በር የሚመልሰው ምንድን ነው?

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው፣ ይልቁንም ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት፣ ጥያቄው ገና ከመግቢያው ይጀምራል። «ስንት ናችሁ?» ይባላል። «አንድ ነኝ» ሲሉ «ሰው ትጠብቂያለሽ?» ይከተላል። የእንግዶች መዝገብ ሲቀርብ ደግሞ ከስምና ከመጡበት ከተማ ቀጥሎ «የመጡበት ጉዳይ» የሚል ረድፍ ይመጣል። እዚያ ረድፍ ላይ «እንዲሁ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ «ለሥራ» ብለው ይገላገሉታል። ያም ሆኖ «እንዲሁ» የሚለው ቃል ከሁሉም የበለጠ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እኔን እንዲህ የሚያስብለኝ የጎባ ነገር ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል አድርጌ፣ ዲንሾን አልፌ ሮቤ ገባሁ። የሮቤ ሜዳ የስንዴ አገር ነው፤ በዚያ ወር ኮምባይነሩ ከማሳ ማሳ ሲዞር ይውላል። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ሲጠጉ ጎባ ትገኛለች። ጎባ በንጉሡም በደርግም ዘመን የባሌ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው፤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም መነሻው እዚያው ነው። ሹመቱና ግርግሩ ወደ ሜዳው ሲወርድ ጎባ እንደ ጡረተኛ ሹም ብርዷንና ዝምታዋን ይዛ ቀረች። እኔን የማረከኝ ይኸው ነው።

ካረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ጥድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ቀለል እስኪል ጠብቄ፣ ከጥዱ ሥር ወንበር ስቤ፣ ሻይ እየጠጣሁ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የመዝገቡ ጥያቄ ካበቃ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እንደዚያ ያለ ዕረፍት በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ወደዚያው ሆቴል ተመለስኩ። ጥዱ የለም። በቦታው አዳዲስ ክፍሎች ተሠርተዋል። ሻይ ታመጣልኝ የነበረችው ልጅም የለችም። ከማውቃቸው የቀሩት በዕድሜ የገፉት የግቢው ዘበኛ ብቻ ነበሩ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ የነበረው ጥድ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«ተቆረጠ። ታውቂው ነበር እንዴ ልጄ?»

«ከሥሩ ሻይ እጠጣ ነበር።»

«ጥላው ጥሩ ነበር» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ክፍሎቹ ሲሠሩ ነው የተቆረጠው። እነሱ ባይሠሩ እኛም ዛሬ እዚህ አንገኝም ነበር፤ ሆቴሉ ሊዘጋ ነበር። ያቺ ሻይ ታመጣ የነበረችዋም አግብታ ሮቤ ሱቅ ከፈተች፤ ሁለት ወልዳለች።»

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አንድ የዴንማርክ ፈላስፋ ነው። ሶረን ኪርክጋርድ እ.ኤ.አ. በ1843 በብዕር ስም ባሳተመው «ድግግሞሽ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ከኮፐንሐገን ተነሥቶ ወደ በርሊን ይሄዳል። የሚሄደው ለሥራ አይደለም። ቀደም ሲል በርሊን ተቀምጦ ደስ ብሎት ነበርና፣ ያለፈ ነገር ሊደገም ይችል እንደሆነ ሊፈትን ነው። ወደ ቀድሞው ማረፊያው ይገባል፤ አከራዩ ግን አግብቷል፤ ቀድሞ ሁለት ክፍል ይዞ የነበረው እንግዳ አሁን የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው። ወደ ቀድሞው ቲያትር ቤት ይሄዳል፤ ቀድሞ ያሳቀው ተውኔት አያስቀውም። ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ቢመለስ ደግሞ አሽከሩ ጌታው የለም ብሎ ቤቱን ለጽዳት ገልብጦ ጠበቀው። እንግዲህ ድግግሞሽ የሚባል ነገር የለም ሲል ደመደመ።

ብዙ አንባቢ በዚህ ታሪክ ይስቃል፤ ለመሳቅም የተጻፈ ነው። ልብ የሚያስፈልገው ግን አከራዩ ላይ ነው። አንድ ሰው አገባ። ለዚያ ሰው ይህ በሕይወቱ ከደረሱት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው። ተመላሹ እንግዳ ግን ሠርጉን ያየው እንደ አንዲት ክፍል መጉደል ብቻ ነው። በበርሊን የተለወጠውን ሁሉ በኪሳራ መዝገብ ላይ አሰፈረው። የተመላሽ እንግዳ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹን ሁሉ የትዝታችን ዘበኛ አድርገን እንቀጥራቸዋለን፤ ደሞዝ ግን አንከፍላቸውም። ዕድሜ ልኳን ሻይ ስታመላልስ እንድትገኝልን የምንፈልጋት ልጅ የራሷ ሱቅ ባለቤት ስትሆን ቅር የሚለን ከሆነ፣ ናፍቆታችን ፍቅር ለመባል ብዙ ይቀረዋል።

«ቅር ማለት ማንን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ለአንድ ጥድና ለአንድ ሰው ቅሬታ ሲሆን እውነት ነው፤ ማንንም አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን ይኸው ምኞት በብዙ ተመላሾችና በጎብኚዎች ልብ ውስጥ ሲጠራቀም፣ ሕግና ኬላ ይሆናል። ይህን ለማየት ከጎባ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ወደ ተራራው ማየት ይበቃል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የኮሶውንና የአስታውን ደን አልፎ ሰነቴ አምባ ላይ ይወጣል። አምባው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራ በነጠላ በነጠላ ቆሞ የሚታይበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ የምትውልበት፣ ቀዝቃዛ ሰፊ ሜዳ ነው። አካባቢው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይህን ያየ ሁሉ ሲመለስ እንዲሁ ሆኖ እንዲጠብቀው ይመኛል፤ እኔም እመኛለሁ።

ነገር ግን ፓርክ ከመባሉ በፊት እዚያ ሰው ነበረ። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር ጎዳንቱ የሚለው ልማድ አለው። ዝናብ ሲገባና ማሳው በሰብል ሲያዝ ከብቱን ወደ ከፍታው ግጦሽ ያወጣል፤ በበጋ ደግሞ ጥላና ውኃ ፍለጋ ወደ ሐረና ጫካ ያወርዳል። ሆራ የሚባለውን የማዕድን ውኃም ያጠጣዋል። ፓርኩ ሲከለል ይህ ሰው ከማዶ የታየው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጥፋት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የፓርኩ ኬላዎች ፈረሱ፤ ብዙ የደጋ አጋዘንም ተገደለ። ሰው «የእኔ ነው» እንዳይል የተከለከለውን ነገር፣ ጠባቂው በሄደ ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ለእንግዳ ተብሎ ከባለቤቱ የተወሰደ ቦታ ለእንግዳውም አይበረክትም።

ይህን ብዬ ባቆም ግን እውነቱን በግማሽ መተው ይሆንብኛል። ለውጥ ሁሉ ሠርግና ሱቅ አይደለምና። ከቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ የቀሩት ከጥቂት መቶዎች አያልፉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ያሉት ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 ከእረኛ ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በደረሰበት ሁሉ ቀበሮውን ፈጀው፤ የዌብ ሸለቆ በተደጋጋሚ ተመታ። በዚህ ሞት ማን ተጠቀመ? እረኛው አልተጠቀመም፤ በሽታው የእሱንም ውሻና ከብት ይገድላል፤ ልጁንም ያሰጋዋል። ጥዱ ሲቆረጥ ቢያንስ የዘበኛው እንጀራ ተርፏል። ቀበሮዋ ስትሞት ግን የተረፈለት የለም። ለዚህም ነው የጥበቃ ሠራተኞች ውሾቹን መከተባቸው ከኬላ ሁሉ የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ፤ እረኛውን ከቦታው ሳይነቅል ቀበሮዋን ያድናታልና።

ስለዚህ ተመላሽ እንግዳ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ለምን እንደ ተውኩት አልጠበቀኝም?» የሚለው አይደለም። ጥያቄው «ይህ ሲለወጥ ማን ኖረበት? ማንስ ከፈለበት?» መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ ሐዘን ነው፤ ከሐዘኑም አልፎ አይሄድም። ሁለተኛው ግን መልሱ አንዳንዴ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሆናል፤ አንዳንዴም ዝም የማይባልበት ጉዳይ ይሆናል። በመጀመሪያው ጉብኝት ይህን መጠየቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ተመልካች ነው፤ የጎደለውንም የተጨመረውንም አያውቅም። ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ግን፣ ወደደም ጠላም፣ ምስክር ሆኗል። ነዋሪው ከእሱ ይልቅ አብልጦ ያውቃል፤ ይሁንና የነዋሪው ቃል የማይደርስባቸው ሩቅ ጆሮዎች አሉ። ሒሳቡን ከፍሎ የወጣ ሰው ያልከፈለው ዕዳ ቢኖር ይህ ምስክርነት ነው።

የኪርክጋርድ ሰው ድግግሞሽ የለም ያለው፣ መመለስን የራሱን ደስታ መፈተኛ ስላደረገው ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሌላው ወጣት መጽናኛ ያገኘው ከኢዮብ ታሪክ ነው። ለኢዮብ ያጣው ሁሉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት፤ ነገር ግን ሊፈትን ወጥቶ ያገኘው አይደለም። በባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ዓይነት መመለስ አይቻለሁ። በጎዳንቱ የሚወጣው እረኛ ከዓመት ዓመት ወደዚያው ሜዳ ይመለሳል። ሣሩ ግን አንድ ዓመት እንደ ሌላው ዓመት ሆኖ አይጠብቀውም፤ እሱም እንዲጠብቀው አይመኝም። ሲደርስ የሚያየው ዘንድሮ ምን እንዳለና ከብቱ ምን እንደሚበላ ነው። ሜዳውን የትዝታው ማስቀመጫ አላደረገውም፤ ሜዳውም አልከዳውም።

ከተሜው ተጓዥ እረኛ አይሆንም፤ ልሁን ቢልም የማይገባውን መመኘት ነው። ይህን ያህል ግን ከእረኛው መማር ይችላል። ሲደርስ የቀድሞውን ከመፈለጉ በፊት የዘንድሮውን ይጠይቅ፤ ስለ ዛፉ ከማዘኑ በፊት ስለ ሰዎቹ ይጠይቅ፤ የሚሄድበትም አጥር ካለ ከማን ላይ እንደታጠረ ይወቅ። «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን ቃል ለመናገር ሥልጣን ያለው ባለቤቱ ነው። እንግዳው አሥር ጊዜ ቢመላለስም ቃሉ ወደ እሱ አይተላለፍም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ሲቀበል ጭነቱ ይቀልለታል፤ ቦታው እንዳይለወጥ የመጠበቅ ሥራ ከላዩ ይወርድለታል። በመዝገቡ ላይም በ«የመጡበት ጉዳይ» አንጻር «እንዲሁ» ብሎ ለመጻፍ አያፍርም።