ጆሮ የፈረደውን

አስተማሪ በነበርሁ ጊዜ የፈተና ወረቀት ሳርም የተማሪውን ስም ሸፍኜ ነበር። ስሙን ገልጬ ካየሁ በኋላ ማርኩን ብቀንስበት ምን ትሉኝ ነበር?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በጀርመን አገር የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አንደኛ ትሮምቦን ነፊ ለመቅጠር ፈተና አደረገ። ተፈታኞቹ በመጋረጃ ተከልለው ነፉ፤ ፈታኞቹም ድምፅ ብቻ ሰምተው መረጡ። የተመረጠችው ግን አቢ ኮናንት የምትባል አሜሪካዊት ሆና ተገኘች፤ የጥሪው ደብዳቤ እንኳ «አቶ» ብሎ ነበር የጻፈላት።

ተቀጠረች። ዳሩ ግን በ1982 ወደ ሁለተኛ ነፊነት ዝቅ አደረጓት፤ ጉልበት ያንሳታል ተባለ። እስቲ ልብ በሉ፤ ነፍታ ያሸነፈች ሴት ትንፋሽ እንዳላት ለማስረዳት ሳንባዋን በሐኪም አስመረመረች! እኔ እንደሚመስለኝ የተለወጠው ሳንባዋ ሳይሆን የሰሚው ዓይን ነው።

«የኦርኬስትራ መሪ የወደደውን ድምፅ የመምረጥ መብት የለውምን?» የሚል ይኖራል። አለው። ድምፁንማ መርጦት ነበር እኮ!

ከስሳ በ1988 ቦታዋን አስመለሰች። ደመወዟ ግን ከወንዶቹ አንሶ ስለ ቀረ እንደ ገና ፍርድ ቤት ቆመች። ያንንም ረታች፤ ዓመቱ ግን 1993 ሆኖ ነበር።